ዓለም በአንድ ሳምንት አልተቆረሰችም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ከአራቱ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን አንብባትና እውነት መሆኗን ንገረኝ» ይላል። አነበብኳት። ደገምኳት። ከዚያ ልጁን በስልክ አንድ ሰዓት ከማደንቆር ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ጉዳዩ የቆየ ነው። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት ሂትለርን አብረው ጣሉ። ታዲያ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኮሙኒስትና ካፒታሊስት ተባብለው እንዴት ጎራ ለዩ? የጽሑፉ መልስ አጭር ነው። ነገሩ ጦርነቱ ሳያልቅ ያለቀ ነበር ይላል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳልሸራርፍ ላስቀምጥ። ዓለም የተቆረሰችው በ1945 መጀመሪያ ያልታ ላይ ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ የነበረው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ምሥራቅ አውሮፓን ለስታሊን አስረከበ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ትያትር ነው ይላሉ። ቀጥለው፣ ወዳጅነቱ ከመነሻው የይምሰል ነበር፣ ኮሙኒዝምና ካፒታሊዝም ዘይትና ውሃ ስለሆኑ ጠቡ አይቀሬ ነበር ይላሉ። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብም ዒላማው ሞስኮ እንጂ ጃፓን አልነበረችም። አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለማቋቋም ገንዘብ ያፈሰሰችበት የማርሻል ዕቅድ ደግሞ ሶቪየትን አግልሎ አውሮፓን ለመግዛት የተዘረጋ ወጥመድ ነው፤ ጀርመንም በዚሁ ገንዘብ ተከፈለች፤ በርሊን ላይም ጠቡን የጫሩት ምዕራቦቹ ናቸው። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኛን የመሰሉ አገሮች ዳር ቆመው የሚያዩ ተመልካቾች ነበሩ ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ይህን አልክድም። ግማሹ እውነት ስለሆነም ነው ለመመለስ የሚያስቸግረው። (ቀንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ከያልታ ልጀምር። ስብሰባው ክራይሚያ ውስጥ፣ በአንድ የድሮ የዛር ቤተ መንግሥት፣ ከፌብሩዋሪ 4 እስከ 11 ቀን 1945 ተካሄደ። ሩዝቬልት ታሞ ነበር? አዎ። ፎቶውን ያየ ሰው ፊቱ እንዴት እንደጠወለገ ያውቃል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ሞተ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ጤነኛ ቢሆን ምን ሊያደርግ ነበር? ስብሰባው ሲጀመር ቀይ ጦር ኦደር ወንዝ ደርሷል። ከዚያ እስከ በርሊን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞጆ በሉት። ፖላንድ ከሞላ ጎደል በስታሊን እጅ ናት። ሮማኒያና ቡልጋሪያም እንዲሁ። አሜሪካና እንግሊዝ ግን ገና የራይንን ወንዝ እንኳ አልተሻገሩም። ሰው የሌለውን አይሰጥም። ሩዝቬልት ምሥራቅ አውሮፓን በኪሱ ይዞ ያልታ አልሄደም።

የተፈረመው ወረቀት ደግሞ የሚለው ሌላ ነው። ነጻ የወጡት ሕዝቦች በነጻ ምርጫ መንግሥታቸውን ያቆማሉ ይላል። ችግሩ ወረቀቱ ላላ ማለቱ ነው። የሩዝቬልት የቅርብ ሰው የነበረው አድሚራል ሌሂ የፖላንዱን ስምምነት አንብቦ፣ ሩሲያኖች ይህን ሳይቀድዱት ከያልታ እስከ ዋሽንግተን መለጠጥ ይችላሉ አለው። ሩዝቬልት አልተከራከረውም። አውቃለሁ፣ ግን አሁን ለፖላንድ ከዚህ የተሻለ ማድረግ አልችልም ብሎ መለሰለት። አቅሙን የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

የግድ ዓለምን የቆረሰ ወረቀት ካስፈለገ ጸሐፊው ከተማ ተሳስተዋል። አራት ወር ወደ ኋላ ተመልሰው ሞስኮ መሄድ ነበረባቸው። ኦክቶበር 9 ቀን 1944 ነው። ማታ ነው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ስታሊን ፊት ተቀምጧል። ቁራጭ ወረቀት ያወጣና ይጽፋል። ሮማኒያ፣ ለሩሲያ 90 በመቶ። ግሪክ፣ ለእንግሊዝ 90 በመቶ። ዩጎዝላቪያ እኩል በእኩል። ሀንጋሪ እኩል በእኩል። ቡልጋሪያ፣ ለሩሲያ 75 በመቶ። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገለት። ስታሊን ሰማያዊ እርሳሱን አነሣ። መምህር የተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርገው ትልቅ የራይት ምልክት አድርጎ መለሰለት። ቸርችል ራሱ እንደጻፈው ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ። የሚሊዮኖችን ዕጣ እንዲህ በዋዛ ወሰኑ እንዳንባል እናቃጥለው ይሆን? አለ ቸርችል። ስታሊን፣ አይ፣ አንተው ያዘው አለው።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም አሜሪካዊ አልነበረም። ወረቀቱን የጻፈው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ኮሙኒዝምን ሲያወግዝ የኖረው ሰው ነው።

ያም ሆኖ ያች ቁራጭ ወረቀት እንኳ ዓለምን አልቆረሰችም። ሀንጋሪ እኩል በእኩል አልሆነችም። ዩጎዝላቪያ ጭራሽ ለአንዳቸውም አልሆነችም። ግሪክ ላይ ግን ሠርታለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች አቴንስ ጎዳናዎች ላይ ጀርመንን ሲዋጉ ከቆዩት ግራ ዘመም ታጋዮች ጋር ተታኮሱ። ታጋዮቹ ከሞስኮ ቃል ጠበቁ። ስታሊን ትንፍሽ አላለም። ለጓዶቹ ያለው ታማኝነት ይህን ያህል ነበር።

«ያለቀ ነገር ነበር» ለሚለው ደግሞ ምርጫዎቹን እንይ። ኖቬምበር 1945 ሀንጋሪ ውስጥ፣ የሶቪየት ጦር አገሩን ሞልቶት እያለ፣ ሕዝቡ ወጥቶ መረጠ። የአነስተኛ ገበሬዎች ፓርቲ 57 በመቶ አገኘ። ኮሙኒስቶቹ 17። ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ በ1945 መጨረሻ የአሜሪካም የሶቪየትም ጦር ለቆ ወጣ። በሜይ 1946 ምርጫ ተደረገ። ኮሙኒስቶቹ 38 በመቶ አግኝተው ከሌሎች ጋር ጥምር መንግሥት መሠረቱ። ሁለቱም አገሮች በኋላ ተዋጡ። ግን የተዋጡት በ1947 እና በ1948 ነው። ከያልታ በኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ፊንላንድስ? ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ሶቪየትን የወጋች፣ ከዚያ የተሸነፈች ጎረቤት ናት። 300 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ በዕቃ ከፈለች፤ ከሞስኮ ጋር ውል ፈረመች፤ ፓርላማዋንና ገበያዋን ይዛ ቀረች። ቪየናን በ1945 ነጻ ያወጣው ቀይ ጦር ነው። በ1955 ውል ተፈርሞ ከኦስትሪያ ሹልክ ብሎ ወጣ። ዳቦው አስቀድሞ ተቆርሶ ከነበረ እነዚህ ቁራሾች ከየት መጡ?

ወደ «ዘይትና ውሃ» ልለፍ። ጥርጣሬው ጥልቅ እንደነበር ጸሐፊው ካሉት በላይ እጨምርላቸዋለሁ። በ1918 የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ሩሲያ ገብተው ነበር። ቦልሼቪኮቹ ይህን አልረሱም። በ1939 ስታሊን ከሂትለር ጋር ፖላንድን ተካፍሏል። ፖላንዶች ይህን አልረሱም። በ1940 ሃያ ሺህ የሚያልፉ የፖላንድ መኮንኖችና ሹማምንት በሶቪየት የጸጥታ ሰዎች ተረሸኑ፤ መቃብሩ ካቲን ጫካ ውስጥ በ1943 ተገኘ። ምዕራቦቹ በምዕራብ በኩል ሁለተኛ ግንባር እንከፍታለን ብለው ለስታሊን የሰጡት ተስፋ ከ1942 እየተገፋ እስከ ጁን 1944 ዘገየ። በዚህ መሐል የሶቪየት ሕዝብ እንደ ቅጠል ረገፈ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 27 ሚሊዮን ገደማ ሰው አልቆባቸዋል። አሜሪካ ያጣችው ወታደር 400 ሺህ ገደማ ነው።

ግን ጥርጣሬ ኖሯቸውም አብረው ሠርተዋል። አሜሪካ ለሶቪየት የላከችው ዕቃ 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያወጣል። ከዚያ ውስጥ ጂፕና ካሚዮኑ ብቻ 400 ሺህ ገደማ ነው። የታሸገ ሥጋም ነበር። ሁለተኛው ግንባር አልከፈት ሲላቸው የቀይ ጦር ወታደሮች ቆርቆሮውን እየከፈቱ «ሁለተኛው ግንባር ተከፈተ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከመራር ቀልድ ጋርም ቢሆን ሥጋው ተበልቷል። ኤፕሪል 25 ቀን 1945 የሁለቱ ጦር ልጆች ኤልባ ወንዝ ላይ ሲገናኙ ተቃቅፈዋል። ያንን መተቃቀፍ የይምሰል ነበር ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ርዕዮተ ዓለም ሁሉንም ያስረዳል ለሚሉ ሰዎች እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ቲቶን ምን ታደርጉታላችሁ? ቲቶ ኮሙኒስት ነው። ዩጎዝላቪያን በአብዛኛው በራሱ ታጋዮች ነጻ ያወጣ፣ አንዳንዴም ከስታሊን በላይ አክራሪ የነበረ ሰው ነው። የግሪክ ኮሙኒስቶች እንደገና ነፍጥ ሲያነሡ መሣሪያና መጠለያ የሰጣቸው እሱ ነው። ስታሊን ግን በ1948 መጀመሪያ የዩጎዝላቪያን ሰዎች ሞስኮ ጠርቶ ይህ የግሪክ ነገር ይቁም አላቸው። ጁን 28 ቀን 1948 ዩጎዝላቪያ ሞስኮ ከምትመራው የኮሙኒስት ፓርቲዎች ማኅበር፣ ከኮሚንፎርም፣ ተባረረች። ከዚያ ካፒታሊስቷ አሜሪካ ለኮሙኒስቱ ቲቶ ብርና እህል፣ ቆይቶም መሣሪያ ላከች። ስታሊንም በኦገስት 1945 የወዳጅነት ውል የፈረመው ከቻይናው ኮሙኒስት ከማኦ ጋር ሳይሆን ከባላንጣው ከቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት ጋር ነበር። ኔቶ የዴሞክራሲ ማኅበር ነው የሚሉም አሉ። መሥራቾቹ ውስጥ የሳላዛር ፖርቱጋል አለች። አምባገነን ነበረች።

ታዲያ ምን አጣላቸው? ፍርሃት ነው የምል ሰው ነኝ። በ1946 የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች አሉ። አንዱን በፌብሩዋሪ ሞስኮ የነበረው አሜሪካዊ ዲፕሎማት ጆርጅ ኬናን ወደ ዋሽንግተን ላከ። ሌላውን በሴፕቴምበር ዋሽንግተን የነበረው የሶቪየት አምባሳደር ኒኮላይ ኖቪኮቭ ወደ ሞስኮ ላከ። አንደኛው ሶቪየቶች በባሕርያቸው የሚስፋፉ ናቸው፣ በጽናት መገታት አለባቸው ይላል። ሁለተኛው አሜሪካኖች ዓለምን ሊገዙ ተነሥተዋል፣ በየአህጉሩ የጦር ሰፈር እየሠሩ ነው ይላል። ስሙን ብትሸፍኑት የአንድ ሰው እጅ የጻፋቸው ይመስላሉ። እያንዳንዱ ሌላው ፈርቶ የሚያደርገውን ሲያይ ሊወጋኝ ነው ብሎ ያነብባል። ስታሊን ደግ ነበር እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በራሱ ሕዝብ ላይ ያደረገው ይታወቃል። ግን በ30 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከጀርመን በኩል የተወረረ አገር ምሥራቅ አውሮፓን እንደ አጥር ቢያይ አይገርምም። ፖላንዶች ደግሞ የሰው አጥር መሆን አንፈልግም ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስለ ሂሮሺማ አጭር እሆናለሁ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ነጥብ ባዶ አይደለም። ሩዝቬልትን የተካው ትሩማን ቦምቡ በእጁ እያለ ከስታሊን ጋር መደራደርን ወዶታል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በርንስም ቦምቡ ሩሲያኖችን ያለዝባል ብሎ ያምን ነበር። ግን «ዒላማው ሞስኮ ነበረች» ማለት ሌላ ነገር ነው። ቦምቡ መሠራት የጀመረው ጀርመን እንዳትቀድም ተፈርቶ ነው። በ1945 ክረምት ጃፓን ገና አልተረታችም። የኦኪናዋ ደሴት ውጊያ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው በልቶ ነበር። ጃፓንን በእግረኛ የመውረሩ ዕቅድ ለኖቬምበር ተይዞ ነበር። ደግሞ ስታሊን ጃፓን ላይ ጦርነት እንዲከፍት ያልታ ላይ የለመነው ማን ሆነና? ራሱ ሩዝቬልት ነው።

ጁላይ 24 ቀን፣ በርሊን አጠገብ ፖትስዳም ላይ፣ የመሪዎቹ የዕለቱ ስብሰባ ሊበተን ሲል ትሩማን ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ ስታሊን ሄደ። የራሱን አስተርጓሚ እንኳ አልጠራም። ከባድ የማጥፋት ኃይል ያለው አዲስ መሣሪያ አለን አለው፣ እንደ ዋዛ። ስታሊን በጎ ነው፣ ጃፓኖች ላይ በደንብ ተጠቀሙበት ዓይነት መልስ ሰጠው። ፊቱ አልተለወጠም። ለምን ይለወጣል? ሰላዮቹ ነገሩን ቀድመው ነግረውታል። ማስፈራሪያ ከነበረ አልሠራም። በሴፕቴምበር ለንደን ላይ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሲሰበሰቡ፣ የሶቪየቱ ሞሎቶቭ ለሦስት ሳምንት ድርቅ ብሎ ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ። አሜሪካ ደግሞ 12 ሚሊዮን የነበረውን ጦሯን በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ አወረደችው። ሶቪየትን ሊወጋ የተዘጋጀ አገር ወታደሩን እንዲህ በየቤቱ አይሸኝም።

የማርሻል ዕቅድና ጀርመን ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። የጠቡ ሆድ ዕቃ ያለው እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ በሁለት አንቀጽ አልፈውታል።

ያልታ ላይም ፖትስዳም ላይም ያልተፈታ አንድ ጥያቄ ነበር። ጀርመን ምን ትሁን? አራት ቦታ ተከፍላ ተያዘች፤ በርሊንም አራት ቦታ። ሶቪየት ካሳ ትፈልጋለች። ለራሷ 10 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀች። ከተማዋ ፈርሶባት፣ ፋብሪካዋ ተቃጥሎባት ካሳ ብትጠይቅ አልተሳሳተችም። በያዘችው ክልል ፋብሪካውን ከነመሠረቱ ነቀለች። የባቡር ሐዲዱን ሳይቀር ነቅላ ጫነች። እንግሊዞች የያዙት ደግሞ የኢንዱስትሪውን ክልል ነው፤ ፋብሪካ አለ፣ እህል የለም። ጀርመኖቹ ተራቡ። እንግሊዝ እህል እየገዛች ትናንት በቦምብ ያጋዩዋትን ሰዎች መመገብ ያዘች። በጦርነቱ ዘመን እንኳ በራሽን ያልተሰጠው ዳቦ በጁላይ 1946 እንግሊዝ ውስጥ በራሽን ሆነ! አንዲት የለንደን እናት ጦርነቱን አሸንፈን ዳቦ በኩፖን ስትል አስቧት። አሜሪካኖቹም ያሰቡት ይኸው ነበር። እኛ በአንድ በኩል እየመገብን ሌላው በሌላ በኩል ይነቅላል አሉ። ሜይ 1946 ላይ የአሜሪካኖቹን ክልል የሚያስተዳድረው ጄኔራል ክሌይ ከአሜሪካ ክልል የሚሄደውን ካሳ አቆመ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 የአሜሪካና የእንግሊዝ ክልል በኢኮኖሚ ተዋሐደ። የጀርመን መከፈል እንዲህ ጀመረ። ከማርሻል ንግግር አምስት ወር በፊት ነው።

የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርሻል ዕቅዱን ያበሰረበትን ንግግር ያደረገው ጁን 5 ቀን 1947 ነው። ጥሪው ለአውሮፓ ሁሉ ነበር፤ ሶቪየትም ተጠርታለች። ሞሎቶቭ መቶ ያህል ባለሙያዎች አስከትሎ ፓሪስ ሄደ። ሰው እምቢ ሊል መቶ ባለሙያ አያስከትልም። ጁላይ 2 ቀን ግን ጥሎ ወጣ። የጋራ ዕቅድ አውጡ፣ ሒሳባችሁን ክፈቱ የሚለው አልጣመውም። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። አሜሪካኖቹ በሩን ክፍት ቢተዉትም ጠበብ አድርገው ነው የሠሩት። ሶቪየት እምቢ ትላለች ብለው ገምተዋል፤ ብዙዎቹም እንድትገባ አልፈለጉም። ገንዘቡም ጽድቅ አልነበረም። አውሮፓ ዶላር ከሌላት የአሜሪካን ዕቃ ማን ይገዛል?

ነገር ግን አገሮቹን ማን ከለከላቸው? ቼኮዝሎቫኪያ እመጣለሁ ብላ ነበር። በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ያሉት ኮሙኒስቶችም ተስማምተው ነው። ስታሊን ሞስኮ ጠራቸው። ጁላይ 10 ቀን ሐሳባቸውን ቀየሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ያን ማሳሪክ ወደዚያ ስሄድ የነጻ አገር ሚኒስትር ነበርኩ፣ ስመለስ የስታሊን ሎሌ ሆኜ ነው አለ ይባላል። ከስምንት ወር በኋላ፣ ኮሙኒስቶቹ ፕራግ ላይ ሥልጣኑን ጠቅልለው ከያዙ በኋላ፣ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት በታች ሞቶ ተገኘ። ዘሎ ነው ተገፍቶ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ አውሮፓ የተቆረሰችበት ቀን ካለ ከያልታው ሳምንት ይልቅ ወደዚያች የጁላይ ሳምንት ይቀርባል። ገንዘቡን የወሰዱት 16ቱ አገሮችና ምዕራብ ጀርመን በአንድ ወገን፣ እንዳይወስዱ የተነገራቸው በሌላ ወገን ቀሩ። 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአራት ዓመት ወጣ።

ስለ በርሊን ጸሐፊው ያሉት በከፊል ልክ ነው። መጀመሪያ የተራመዱት ምዕራቦቹ ናቸው። ጁን 20 ቀን 1948 በያዙት ክልል አዲስ ብር አወጡ፤ ዶይቸ ማርክ። ለእያንዳንዱ ሰው 40 ማርክ በእጁ ተሰጠው። ከዚያ በፊት ጀርመን ውስጥ እውነተኛው ገንዘብ የአሜሪካ ሲጋራ ነበር። ጥቁር ገበያው በሲጋራ ይገዛ፣ በሲጋራ ይሸጥ ነበር። አዲሱ ብር በወጣ ማግሥት ባዶ የነበረው የሱቅ መስኮት ዕቃ ሞላው። ከየት መጣ? ነጋዴው ደብቆት ነበራ! እኛም አገር የማይታወቅ ነገር አይደለም። ለሶቪየት ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። የተለየ ብር ማለት የተለየ መንግሥት ማለት ነው። ያንን ማንበቡ ልክ ነበር።

መልሱ ግን ልክ አልነበረም። ጁን 24 ቀን ወደ ምዕራብ በርሊን የሚገባው መንገድ፣ ባቡርና የውሃ መስመር ተዘጋ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ ምግብና ያለ ከሰል ሊቀር ሆነ። አሜሪካና እንግሊዝ በአውሮፕላን መገቡት። ከጫኑት ሁለት ሦስተኛው ከሰል ነበር። ከሰል በአውሮፕላን! በ1949 የፋሲካ ሰሞን በ24 ሰዓት ውስጥ 1,400 የሚጠጉ በረራዎች አረፉ። በደቂቃ አንድ እንደ ማለት ነው። አንድ ሃልቮርሰን የሚባል አብራሪ አጥሩ ዳር ቆመው ለሚያዩ ልጆች ከረሜላ በመሐረብ ጃንጥላ እያሰረ ይጥል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከዚያ ሰማይ የሚወርደው ቦምብ ነው።

ስታሊን የፈለገው የምዕራብ ጀርመን መንግሥት እንዳይቋቋም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሆነው። ኤፕሪል 4 ቀን 1949 ኔቶ በ12 አገሮች ተመሠረተ። ሜይ 12 ቀን ከበባው ተነሣ። ሜይ 23 ቀን ምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሆነች፤ ኦክቶበር 7 ቀን ምሥራቅ ጀርመን ተከተለች። የሶቪየት ወገን የጦር ቃል ኪዳን፣ የዋርሶው ውል፣ የመጣው ደግሞ በ1955፣ ምዕራብ ጀርመን ኔቶ በገባች በቀናት ውስጥ ነው። ከአራቱ ዓመት ውስጥ የትኛው ቀን ላይ ነው «ያለቀው»? እኔ ያየሁት አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲገፋ፣ ማንም ያላሰበው ቦታ ሲደርሱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ተመልካች ነበርን ለሚለው።

ያልታ ባለቀ በሁለተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ ሩዝቬልት ግብፅ ውስጥ ነበር። በስዊዝ መስመር ላይ፣ ታላቁ መራራ ሐይቅ ውስጥ፣ ኩዊንሲ የምትባል የጦር መርከብ ላይ። ከያልታ ድካም ገና አልወጣም። መርከቧ ላይ ከተቀበላቸው እንግዶች አንዱ ጃንሆይ ናቸው። ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ናት። ኦጋዴንም በእንግሊዝ እጅ ነው። ጃንሆይ የኤርትራን፣ የኦጋዴንን፣ የጅቡቲውን ባቡርና የባሕር በርን ጉዳይ ይዘው ቀረቡ። አንድ ባላ ብቻ መትከል አደገኛ መሆኑን እንግሊዝ በሚገባ አስተምራቸዋለች፤ ሁለተኛውን ባላ ለመትከል ነው የሄዱት። ይህ የተመልካች ሥራ አይደለም።

የኃያላኑ ጠብ እኛ ቤት ምን እንደሠራም እንይ። የኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶች ዕጣ ለአራቱ ኃያላን ተሰጥቶ ነበር። በ1945 ለንደን ላይ ሞሎቶቭ የሊቢያን ምዕራብ ክፍል፣ ትሪፖሊታንያን፣ ለኛ በሞግዚትነት ስጡን አለ። ቸርችልን በምርጫ ያወረዱት እንግሊዞች ደነገጡ፤ ሜዲትራኒያን ላይ ሩሲያን ማን ይፈልጋል? ከዚያ 1948 መጣ። ኤፕሪል 18 ቀን ኢጣሊያ ውስጥ ምርጫ አለ፤ የኢጣሊያ ኮሙኒስቶች ሊያሸንፉ ይችላሉ ተብሎ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ሞስኮ ምን አለች? የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቹ በኢጣሊያ ሞግዚትነት ይተዳደሩ አለች! የጭቁን ሕዝቦች አለኝታ ነኝ የምትለው አገር፣ ለሮም ድምፅ ብላ፣ ኢጣሊያን ወደ ኤርትራ ልትመልስ ተስማማች። ኮሙኒስቶቹ ምርጫውን ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሞስኮ አቋሟን ቀየረች፤ በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ይሁን አለች። አራቱ መስማማት ሲያቅታቸው ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄደ። ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ተወሰነ። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በ1953 የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያ ውል አሥመራ ላይ ጸና።

ልጄ፣ የጠየቅኸኝ እውነት ናት ወይ ብለህ ነው። ግማሿ ናት። ዘይትና ውሃ የሚለውን ግን አንተ ራስህ መመዘን ትችላለህ፤ አባትህ የዘመተበትን ጦርነት ጠይቀው። በ1977 ሶማሊያ ስትወረን እሷም ሶሻሊስት ነኝ ትል ነበር፣ እኛም ሶሻሊዝምን አውጀን ነበር። እሷ የያዘችው የሶቪየት ታንክ ነው። እኛ የያዝነው ከጃንሆይ ጊዜ የጀመረ የአሜሪካ መሣሪያ ነው። የሶሻሊስቷ ኢትዮጵያ አብራሪዎች በአሜሪካ ኤፍ-5 እየበረሩ የሶቪየት ሚግ ይጥሉ ነበር። ኖቬምበር ላይ ሞቃዲሾ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች፤ ከቀናት በኋላ የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ጭነው አዲስ አበባ ማረፍ ጀመሩ።